ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ስለ ድረ ገጽ ሥራ ሥልጠና አመራረጥ



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ማስተማር ነው። እኔ ዛሬ የተነሣሁት ስለ መማር፣ ይልቁንም የሚማሩበትን ስለ መምረጥ ጥቂት ለማለት ነው። የማነሣው ሙያ ድረ ገጽ መሥራት፣ በሰፊው «ዌብ ዲዛይን» የሚባለው ነው። «ይህ ደግሞ ለመምህር ምኑ ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ነገ ሠልጣኞቻችን በየወረዳው ሲበተኑ «የትኛውን ልማር?» ተብለው የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። እኔ ተጠይቄ ነበር። የመለስኩት መልስ ስንት እንዳስከፈለ ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

እንደሚታወቀው የ2014 እና የ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት መካከል የተወሰኑት በማካካሻው፣ ሪሜዲያል በሚባለው ትምህርት ገቡ። የተረፈው ብዙው ልጅስ? አንዱ መንጃ ፈቃድ፣ አንዱ የስልክ ጥገና፣ አንዱ የውበት ሥራ እያለ በየአጫጭር ሥልጠናው ደጃፍ ተሰለፈ። ከነዚህ ሁሉ በላይ ዓይን የሚስበው ማስታወቂያ ደግሞ የኮምፒዩተሩ ነው። «በሦስት ወር ባለሙያ ይሁኑ!»፣ «ቤትዎ ተቀምጠው በዶላር ይሠሩ!» ይላል። ይህን አንብቦ ልቡ የማይነሣ የ18 ዓመት ልጅ ማን ነው?

የራሴ ጥፋት

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት ዘመሮ ነው። የማስተምረውም የማስተማር ዘዴን ነው። ሠልጣኞች እንደሚያውቁኝ የትምህርት ዕቅድ ሲያመጡልኝ «ዓላማው አይለካም» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ የምመልስ ሰው ነኝ። ይህን ማንሣቴ ለመመካት አይደለም፤ ቀጥሎ የምናገረው ምን ያህል እንደሚያሳፍረኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

በ2015 ዓ.ም፣ የካቲት ላይ አጎቴ ከዘመሮ ደወሉ። ልጃቸው ፈተናው አልሆነለትም። አንድ በራሪ ወረቀት በስልክ አንሥተው ላኩልኝና «ልጄ፣ መቼም አንተ የተማርክ ነህ፤ ይኼ ነገር ይሆናል ትላለህ?» አሉኝ። ወረቀቱ ባለቀለም ነው፤ ያማረ ነው። «የሦስት ወር የተሟላ የዌብ ዲዛይን ኮርስ፣ ከሰርተፊኬት ጋር» ይላል። ከሥሩ የፕሮግራም ስሞች ተደርድረዋል። እኔም ክፍል ልገባ እየተቻኮልኩ ነበርና አንዴ አየት አድርጌ «ጥሩ ነው ጋሼ፣ ይግባ» አልኳቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

አጎቴ አራት በግ ሸጡ። በደጋ ያደገ ሰው አራት በግ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ልጁ ከተማ ገብቶ፣ ከጓደኛ ጋር ክፍል ተከራይቶ፣ ሦስት ወሩን አንድ ቀን ሳይቀር ተምሮ ሰኔ ላይ ሰርተፊኬቱን በመስተዋት አስገብቶ ተመለሰ። እኔም ለእረፍት ሄጄ ስለነበር አብረን እልል አልን።

ዘመሮ ላይ ባናና ሌላ የሱፍ ሥራ የሚሸጡ ዘመድ አሉን። «እስቲ ለኔ ሥራልኝ» አሉት። ሠራ። በላፕቶፕ ሲያሳየን፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ያምር ነበር። ችግሩ የመጣው ፋይሉን በቴሌግራም ልኮላቸው በእጅ ስልካቸው ሲከፍቱት ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ዝርግፍ ሆኖ ታየ። ገጹም ከስልኩ መስተዋት እየወጣ፣ ወደ ጎን ካልተጎተተ አልነበብም አለ። «ይኼ የማን አገር ቋንቋ ነው?» አሉ ዘመዳችን። ልጁ ዝም አለ። ምን እንደተበላሸ አያውቅም። ይባስ ብሎ መፍትሔውን ምን ብሎ መፈለግ እንዳለበት እንኳ አያውቅም። አጎቴ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ እኔ ዞር ብለው «ወረቀቱን አንተ አይተኸው ነበር አይደል?» አሉኝ።

ማታ ያንን ወረቀት ከስልኬ አውጥቼ በወጉ አነበብኩት። ከተደረደሩት ፕሮግራሞች አንዱ ፍላሽ ነበር። ፍላሽ ስል ኪስ ውስጥ የምንይዘውን የፋይል ማስቀመጫ ማለቴ አይደለም፤ በአንድ ወቅት በድረ ገጽ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይሠራበት የነበረው የአዶቤ ኩባንያ ፕሮግራም ነው። ኩባንያው ድጋፉን ጨርሶ ያቆመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው። ሌላው ፍሮንትፔጅ ይላል፤ እሱን ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ትቶታል። እንግዲህ ልጁ በአራት በግ ዋጋ የተማረው ተቀብሮ ተዝካሩ የወጣለትን ነገር ነው።

የማሠልጠኛውን ስም አልጠራም። እነሱ የሸጡትን ሸጡ። ዕቅድ ማንበብ ሥራዬ ሆኖ ሳለ ሳላነብ «ይግባ» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህም የምለው አንድ ነገር ነው። የሥልጠና ወረቀት ሲመጣልን እንደ ማስታወቂያ ሳይሆን እንደ ትምህርት ዕቅድ እናንብበው። ይህን ለማድረግ የኮምፒዩተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ እዚህ የምንማረውና የምናስተምረው ይበቃል።

ስሙ አንድ፣ ሥራው ብዙ

በቅድሚያ ግን ሙያውን እንወቀው። ባና አንድ ዕቃ ነው። ሥራው ግን በጉን መሸለት፣ ሱፉን መፍተል፣ መሸመን እያለ ይከፋፈላል። በአገራችን ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። አንድ ሰው መጥቶ «ባና መሥራት አስተምራለሁ» ቢል «የቱን? መሸለቱን ነው፣ መፍተሉን ነው፣ መሸመኑን?» ማለታችን አይቀርም። «ዌብ ዲዛይን» ሲባልም እንዲሁ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ስም የሚጠሩት ሥራዎች ቢያንስ አራት ናቸው።

ሀ/ ነዳፊው፦ ገጹ ምን እንደሚመስል፣ ምን የት እንደሚቀመጥ፣ አንባቢው የሚፈልገውን በስንት ንክኪ እንደሚያገኝ የሚያስብ ነው።

ለ/ የፊት ገጽ ሠሪው፦ ንድፉን ወደሚሠራ ገጽ የሚለውጥ ነው። መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው። ኤችቲኤምኤል የጽሑፉን አካል ይሠራል፤ ሲኤስኤስ መልኩን ያለብሳል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ያንቀሳቅሰዋል።

ሐ/ የጓዳው ሠሪ፦ ገጹን የሚያይ ሰው የማያየውን፣ መረጃ የሚከማችበትንና የሚጠበቅበትን ክፍል የሚሠራ ነው። ተማሪ ስሙን አስገብቶ ውጤቱን ሲያይ ውጤቱ ከጓዳ ነው የሚወጣው።

መ/ የተዘጋጀ ቤት አስተካካዩ፦ እንደ ዎርድፕረስ ባለ ዝግጁ ሥርዓት ላይ ገጽ የሚያቆም ነው። ይህን መናቅ አይገባም። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከመቶ 40 ያህሉ የቆሙት በሱ ላይ ነው።

አንድ ሰው ሁሉንም ሊያውቅ ይችላል። በሦስት ወር ሁሉንም አስተምራለሁ የሚል ግን ወይ አራቱን አያውቃቸውም፣ ወይ ከአራቱ ጥቂት ጥቂት ቀምሶ ሊያስቀምስ ነው። ሥዕልና ቀለም የሚወድ ልጅ ወደ ሀ፣ ሒሳብና እንቆቅልሽ የሚወድ ወደ ሐ ማዘንበሉ አይቀርም። ልጁን የምናውቀው እኛ ነን፤ ማስታወቂያው አያውቀውም።

ወረቀቱን እንደ ዕቅድ ስናነበው

1ኛ/ ዓላማ። ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ካወጡት ድልድል ጀምሮ እስከ ዛሬ ለሠልጣኝ የምንነግረው አንድ ነገር አለ። «ይገነዘባል»፣ «ያውቃል» አይለካም፤ «ይዘረዝራል»፣ «ይሠራል» ይለካል እንላለን። ታዲያ «የተሟላ ዕውቀት ያገኛሉ» የሚል ወረቀት ሲመጣ ቀይ እስክሪብቶአችን የት ይሄዳል? የሚጠየቀው ይህ ነው። «ኮርሱ ሲያልቅ ልጁ ብቻውን፣ ከባዶ ፋይል ተነሥቶ፣ ምን ይሠራል?» መልሱ «የአንድ ሱቅ ባለ አምስት ገጽ ድረ ገጽ፣ በስልክም በኮምፒዩተርም በትክክል የሚታይ» ከሆነ ዓላማ አለው። መልሱ «ብዙ ነገር» ከሆነ ግን ምንም የለውም ማለት ነው።

2ኛ/ ይዘት። ይዘቱ በሕይወት ያለ ነው ወይስ ያለፈበት? ይህን ለመለየት ሁለት መፈተኛ እሰጣለሁ። ሁለቱም የወጡት ከአጎቴ ልጅ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ድሮ ለወረቀት ኅትመት የተሠሩ ብዙ የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት የላቲኑን ፊደል የግዕዝ ካባ በማልበስ ነበር። ኮምፒዩተሩ በውስጡ የያዘው ላቲን ነው፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ግዕዝ ነው። ያ ፎንት ባለበት ማሽን ላይ ችግር የለም። ፎንቱ ወደሌለበት ስልክ ሲሻገር ግን ካባው ይወልቅና ላቲኑ ዕርቃኑን ይቀራል። ዘመዳችን ስልክ ላይ የታየው ይኸው ነው። የዚህ ችግር መፍትሔ ዩኒኮድ ይባላል፤ በዓለም ላይ ላለው ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት ነው። የኛ ፊደል እዚያ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንግዲህ አሠልጣኙን «የአማርኛ ድረ ገጽ በምን ያጽፋሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። «በዩኒኮድ» ብሎ ምክንያቱን ካብራራ አንድ ማርክ ስጡት። «አማርኛ አናስተምርም፣ በእንግሊዝኛ ነው» ካለ ደግሞ «ገጹን የሚያነበው ማን ነው ታዲያ?» በሉት።

ሁለተኛው የስልክ ጉዳይ ነው። በአገራችን አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያየው በእጅ ስልክ ነው። አንድ ገጽ እንደ መስተዋቱ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል ተደርጎ የሚሠራበትን ዘዴ ኢታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ ነዳፊ ስም ሰጥቶ የጻፈበት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው መፍትሔ የተገኘው የአጎቴ ልጅ ከመወለዱ በፊት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ልጁ ሀ ሁ ሲቆጥር ነው። ሁለቱም ግን ሳይነገሩት ሰርተፊኬት ተሰጠው።

3ኛ/ ዘዴ። «አንድ ክፍል ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው፣ ከዚያስ ልጁ በእጁ የሚሠራው ስንቱን ነው?» ብለን እንጠይቅ። አሠልጣኙ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ተማሪው ደብተር ላይ ኮድ የሚገለብጥባቸው ክፍሎች አሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ዋናን በጥቁር ሰሌዳ እንደ ማስተማር ነው። እንዲሁም «ለስንት ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር?» መባል አለበት። ለሦስት አንድ ከሆነ አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱ ያያሉ። «አሠልጣኙ ራሱ የሠራው ድረ ገጽ የቱ ነው?» ማለትም ነውር አይደለም። ሸማኔ የሸመነውን ያሳያል እንጂ አይቆጣም።

4ኛ/ መርጃ መሣሪያ። እዚህ ላይ የቦታችንን ነገር በግልጽ መነጋገር አለብን። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ትምህርታቸውን ሙሉ በሙሉ በመስመር ላይ ያደረጉ ልጆች በአንድ ሌሊት ከክፍል ተባረሩ ማለት ነው። መብራትም ቢሆን መጥፋቱን እናውቃለን። ስለዚህ «መስመር ሲጠፋ ትምህርቱ ይቀጥላል? ቪዲዮውና ጽሑፉ አስቀድሞ ተጭኖ ይሰጣል?» የሚለው ጥያቄ ለመንዝ ልጅ ከሁሉ ይቀድማል።

ደስ የሚለው ነገር ግን ይህ ሙያ መነሻው ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ለችግር የሚመች መሆኑ ነው። ኤችቲኤምኤል ተራ ጽሑፍ ነው። በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ባለው የጽሑፍ ማስታወሻ ፕሮግራም ተጽፎ፣ ፋይሉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለ የድረ ገጽ መክፈቻ ይታያል። ኢንተርኔት አንዲት ነጥብ አይጠይቅም። በእጅ ስልክ ላይ ኮድ የሚጻፍባቸው መተግበሪያዎችም አሉ። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 በሰርን የምርምር ማዕከል ሐሳቡን ሲያቀርብ ያሰበው ሰነዶች እርስ በርስ የሚያያዙበትን ቀላል መንገድ ነበር። ያ ቀላልነት ዛሬም መሠረቱ ላይ አለ። መስመር የሚያስፈልገው ገጹን ለዓለም ለማውጣት ነው፤ ለመለማመድ አይደለም።

5ኛ/ ምዘና። ሰርተፊኬቱ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ለተገኘ ነው ወይስ ለሠራ? ፍሪኮድካምፕ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው የነፃ ትምህርት ድርጅት ለብዙ ዓመታት የድረ ገጽ ንድፍ ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው አምስት ሥራ ሠርቶ ላቀረበ ነበር። የፈጀው ጊዜ ሲገመት ደግሞ 300 ሰዓት ያህል ነው ይባል ነበር። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚሠራ ልጅ አምስት ወር ማለት ነው። ይህም መሠረቱ ብቻ ነው። «በሦስት ሳምንት» የሚለውን ማስታወቂያ በዚህ መስፈሪያ ሰፍሩት።

የት የት ይገኛል?

የመጀመሪያው በር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። በዚህ ሥርዓት ሙያዎች በደረጃ በደረጃ የተመደቡ ሲሆን «ዌብ ዴቨሎፕመንትና ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን» በሚል ስም የወጣ የሙያ ደረጃ ሰነድ አለ። ሰነዱ ሠልጣኙ ሊሠራቸው የሚገቡትን ብቃቶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ይህም ለኛ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ የግል ማሠልጠኛውን ወረቀት ከሱ ጎን አስቀምጦ ማስተያየት ይቻላል። በዚህ በር የገባ የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የሚባለውን ወስዶ የሚያልፍበት መንገድ አለው። ጊዜ ይወስዳል፤ መሣሪያውም ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ሄዶ ማየት ነው።

ሁለተኛው በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጠው ነው። አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርቶችን በነፃ ይዞ ነው የመጣው። ከላይ ያነሣሁት ፍሪኮድካምፕም በነፃ ነው። እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት መስመር፣ እንግሊዝኛና ብቻ ሆኖ የመቀጠል ጽናት ነው። እውነቱን እንነጋገር፤ የብዙ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ለዚያ አይበቃም። ሁለት ሦስት ሆነው፣ አንድ መምህር አጠገባቸው ተቀምጦ ቃሉን እየፈታላቸው ቢማሩ ግን ይገፉታል። መሠረታዊ ኮርስ መሠረታዊ መሆኑንም አንርሳ፤ መሠረት ላይ ቤት ይሠራል እንጂ መሠረት ቤት አይደለም።

ሦስተኛው የግል አጭር ሥልጠና ነው። ሁሉንም በአንድ ጅራፍ አልገርፍም። አሠልጣኙ ራሱ ሠራተኛ የሆነበት፣ ተማሪው በእጁ የሚሠራበት ቤት ካለ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ሊያደርስ ይችላል። ያን ለይቶ ማወቂያው ከላይ ያሉት አምስት ጥያቄዎች ናቸው። ከከፈሉ በኋላ መጠየቅ ግን ጥቅም የለውም። ጠይቆ ያደረገ ከጸጸት ይድናል።

ሦስት መቃወሚያ

ይህን ሳወራ መምህራን ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ገጥሞኛል።

አንደኛው «ወረቀት ከሌለ ማን ይቀጥራል?» የሚል ነው። እውነት አለው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ወረቀቱ ይጠየቃል፤ ለዚህም ነው የደረጃውንና የሲኦሲውን መንገድ አስቀድሜ ያነሣሁት። ነገር ግን ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። የሦስት ወር የግል ሰርተፊኬት የብቃት ማረጋገጫ አይደለም፤ ይህን የማያውቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። ባለሱቁ ደግሞ ወረቀት አይጠይቅም፤ «የሠራኸውን አሳየኝ» ነው የሚለው።

ሁለተኛው «አሁን እኮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገጹን በደቂቃ ይሠራዋል፤ ምን ያደርጋል መማሩ?» ይላል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ነገሩ መለወጡ አይካድም። ኮድ መገልበጥን ብቻ የሚያስተምር ኮርስ ከእንግዲህ የሚያስተምረው ማሽኑ የሚሠራውን ነው። ሆኖም ማሽኑ የሰጠውን ገጽ ለምን በስልክ እንደተበላሸ፣ አማርኛው ለምን መስመር በመስመር ላይ እንደተጣበቀ ማን ያያል? የማያውቅ ሰው መልስ ሊቀበል ይችላል፤ ሊመዝነው ግን አይችልም። ስለዚህ «ለምን?» የሚለውን የሚያስተምር ኮርስ ዋጋው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ሦስተኛው ደግሞ «ዘመሮ ላይ ድረ ገጽ ማን ይገዛል?» የሚል ነው። ይህም ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። ብዙ ነጋዴ ዕቃውን የሚያሳየው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው፤ ያም ይበቃዋል። ከውጭ አገር ሥራ ተቀብሎ መሥራት ይቻላል ይባላል። እሱም ቢሆን ክፍያው በየት በኩል እንደሚገባ አስቀድሞ ካልተጠየቀ «በዶላር ይሠሩ» የሚለው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው። ልጁ ይህን አውቆ ይግባ። ሙያው ዘመሮ ውስጥ ብቻ ያኖረኛል ብሎ የሚገባ ሰው ቅር ይለዋል። አንድ የሚጨበጥ ነገር መሥራት ተምሬ ከዚያ ወደ ሌላው እሻገራለሁ ብሎ የሚገባ ግን አይከስርም።

ከዚያስ?

የአጎቴ ልጅ ጉዳይ እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። ተአምር አልተሠራም። ያን ክረምት መስመር ስለሌለ፣ አንድ ባልደረባዬ የነበሩትን የትምህርት ፋይሎች በፍላሽ ገልብጦ ሰጠው፤ ይህኛው ኪስ ውስጥ የሚገባው ነው። ልጁ ዘመሮ ቁጭ ብሎ፣ ከባዶ ፋይል ተነሥቶ፣ የዚያኑ ዘመዳችንን ገጽ በዩኒኮድ እንደገና ጻፈው። ሦስት ጊዜ አፈረሰው። በአራተኛው በስልክ ተነበበ። ዘመዳችን ስለ ባናው የተጻፈውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «ዋጋው ተሳስቷል፣ አስተካክል» አሉት። ከዚህ የበለጠ ፈተና የትም አልተፈተነም። በዓመቱ በደረጃ የሚሰጠውን ሥልጠና ጀመረ። አሁን ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። አራቱ በጎች ግን አልተመለሱም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ልጁን ያሯሯጥኩት እኔ ነበርኩ። ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ሐሳብ ለተቋማችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንም ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ሳምንት በነፃ ይሞክር። አንድ ገጽ ኤችቲኤምኤል፣ ስለ ራሱ ቀበሌ፣ በአማርኛ ይጻፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተሰላቸ ምንም ሳይከስር ሙያው የሱ እንዳልሆነ አወቀ። ሌሊት ድረስ ካስቀመጠው ደግሞ የሚከፈልለት ልጅ ተገኘ። ለዚህ የተቋማችን የኮምፒዩተር ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢከፈት፣ ሠልጣኞች ራሳቸው ሞክረውት ይወጣሉ፤ በየምድባቸውም ለተማሪዎቻቸው ማሳየት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ዕቅድ ክፍለ ጊዜያችን ላይ ከመማሪያ መጻሕፍት ዕቅድ በተጨማሪ አንድ እውነተኛ የሥልጠና ማስታወቂያ ይምጣና ሠልጣኞች በቀይ እስክሪብቶ ይረሙት። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት በራሴ ክፍል እጀምራለሁ። የመጀመሪያው የሚታረመው ያ በስልኬ ያለው ወረቀት ነው፤ ስሙ ተሸፍኖ ይቀርባል። እኔ የሰጠሁትን ማርክም ከጎኑ እጽፈዋለሁ።

ወላጅ መምህርን የሚጠይቀው ስለሚያምነው ነው። ለዚያ እምነት የአንድ ደቂቃ መልስ አይበቃውም። አምስቱን ጥያቄ ለመጠየቅ አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ይበቃል።

ከዚህ የተለየ አስተያየት ያላችሁ መምህራንና ሠልጣኞች፣ በተለይም በዚህ ሙያ ሠርታችሁ የምታውቁ፣ ብዕራችሁን አንሡ። ሰሌዳው የሁላችን ነው።